ፓምፑ ውስጥ ያልነበረው ጠጠር

የምነግራችሁ አራት ቀን ስለፈጀ ነገር ነው። ማክሰኞ ማለዳ ጀምሮ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አለቀ። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም። አንዳንድ ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ያ ድምፅ ይመጣል፤ ጠጠር በብረት ውስጥ ሲንከባለል። ከዚያ ጉሙ ይመጣል። ከዚያ አባ ሰይድ ከተቆለፈ በር በስተጀርባ ሆነው «አብሽሪ ልጄ» ሲሉኝ እሰማለሁ። የልጅ ልጆቼ «አያቴ ተኛች» ይባባላሉ። አልተኛሁም።

ትምህርቴ ብዙ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ ታገሡኝ። ነገሩን ግን እንዳየሁት እጽፈዋለሁ። ለማንም አላደላም፤ ለራሴም ጭምር።

ዘመኑ የደርግ ነው። በወልድያ ዳርቻ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ዴፖ የምንለው የነዳጅ ማከማቻ ነበር። ሦስት ታላላቅ ታንከሮች ነበሩት። ሁለቱ ናፍጣ ይይዛሉ። ሦስተኛው የሚይዘው ጥቁር ነዳጅ የምንለውን ነው፤ ለፋብሪካ ማሞቂያ የሚሆን፣ እንደ ቀዘቀዘ ማር የሚጎተት ወፍራም ነዳጅ። ቦቴዎች አምጥተው ይገለብጡታል፣ ሌሎች ቦቴዎች ደግሞ ቀድተው ወደ ፋብሪካዎቹ ይወስዱታል።

የእኔ ሥራ ልኬት ነበር። በየማለዳው የታንከሩን የብረት መሰላል እወጣና ቁጥር የተቀረጸበትን ረጅም ዘንግ ወደ ውስጥ እሰዳለሁ። ነዳጁ የደረሰበትን አንብቤ እመዘግባለሁ። ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ። ባለቤቴ ዘምቶ ነበር፤ አንዲት ሴት ልጅ ነበረችኝ። ታንከሩ ራስ ላይ ስቆም ዓለም ሌላ ነበር። በብርድ ወራት ጉም ከጎረቤቷ ከተማ ከመርሳ በኩል እየተሳበ ይመጣና ሜዳውን ይሞላዋል። ከጉሙ በላይ እኔና የተራሮቹ ጫፍ ብቻ እንቀራለን። ከታች የአውቶቡስ ጡሩምባ ይሰማል፤ አውቶቡሱ ግን የለም። ብዙ ጊዜ የምወርድበት መሰላል መኖሩን በእግሬ ዳብሼ አረጋግጥ ነበር።

የፓምፑ ሠራተኛ አባ ሰይድ ነበሩ። የመርሳ ሰው፣ ሽማግሌ፣ ዝምተኛ። ነዳጅ ከታንከሩ ወደ ቦቴው የሚያሻግረውን ፓምፕ ያስነሣሉ፣ ያጠፋሉ፣ ይጠግናሉ። ለጥቁሩ ነዳጅ የነበራቸው ፓምፕ አሮጌ ነበር። ታንከሩ ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከታንከሩ የሚያገናኘው ቧንቧ አጭርና ወፍራም ነው። ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ሠራተኛው «ግመሏ» ይለው ነበር። አንድ ቦቴ ለመሙላት ሾፌሮች ምሳቸውን በልተው፣ አንድ እንቅልፍ ተኝተው ይነሣሉ።

ከዕለታት አንድ ቀን አዲስ ፓምፕ መጣ። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ። ስሙን «ጀቱ» አልነው። የዴፖው ጓድ ኃላፊ የመረጡት ራሳቸው ነበሩ። ወጣት ናቸው፣ ፈጣን ናቸው፤ ሲራመዱም ሰው የሚያሳድዳቸው ይመስላሉ። ጀቱን በታንከሩ ሥር አላስተከሉትም። ከበሩ ፊት ለፊት፣ ጎብኚ ሲገባ እንዲያየው፣ ከፍ ያለ የሲሚንቶ መቀመጫ አሠሩለት። ከናፍጣውም ከጥቁሩም ታንከር እዚያ ድረስ ረጅም ቀጭን ቧንቧ ተዘረጋ።

የሙከራው ቀን እንግዶች መጡ። ቀትር ነበር፤ ብረቱ ሁሉ በፀሐይ ይዘምራል። ጀቱ በናፍጣ ተሞከረና ቦቴውን በአንድ አፍታ ሞላው። ተጨበጨበ።

አባ ሰይድ ብቻ አላጨበጨቡም። «በጥቁሩም ይሞከር እንጂ፣ ጓድ ኃላፊ» አሉ።

«አባ፣ ናፍጣም ነዳጅ ነው፣ ጥቁሩም ነዳጅ ነው» አሉ ኃላፊው እየሳቁ። «እርስዎ ግመል ስለለመዱ ነው።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ወረቀት መጣ። የሠራተኛ ተወካይ ስለነበርኩ እንድፈርም ተሰጠኝ። ማንበብ እችል ነበር፤ ግን ፊደል በፊደል ነው የማነበው፣ ከንፈሬም ይንቀሳቀሳል። በእንግዶቹ ፊት ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ መታየት አፈርኩ። ያነበብኩ መስዬ ወረቀቱን ትንሽ ይዤ ቆየሁና ስሜን በትልቁ ጻፍኩ። «በለጡ»። ደስ ብሎኝ ነበር። ስሜ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሲያርፍ የመጀመሪያው ነበር።

ግመሏ ተነቅላ ከአጥሩ ሥር ወደ ብረታ ብረት ክምር ተጣለች።

*

ብርዱ ገባ። ማክሰኞ ማለዳ ስምንት ቦቴዎች ለጥቁር ነዳጅ ተሰልፈው ጠበቁ። ጉሙ አልተገለጠም። አባ ሰይድ ቢስሚላህ ብለው የቧንቧውን መክፈቻ ከፈቱና ጀቱን አስነሡ። ጀቱ ትንሽ ዘመረ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። እፍኝ ጠጠር በብረት ጣሳ ውስጥ ጨምሮ እንደ መነቅነቅ ያለ ነበር። ቦቴው ላይ ከገባው የጎማ ቱቦ ጫፍ አንድ ጊዜ ጥቁር ነገር ተፋ፤ ከዚያ ጠብ፣ ጠብ፣ ዝም።

ጓድ ኃላፊ እየተጣደፉ መጡ። «ፍጥነቱን ይጨምሩበት!»

«ባይጨመር ይሻላል፣ ጓድ።»

«ይጨምሩ አልኩ!»

ተጨመረ። ድምፁ ባሰ። ከሰልፉ ፊት የቆመው ሾፌር ግርማ የሚባል ቀልደኛ ነበር። ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ኧረ አባ! ጠጠር ነው እንዴ የሚያስፈጩት? ለእኛም ዱቄት ይስፈሩልና!» አለ።

ሾፌሮቹ ሳቁ። ኃላፊው ግን አልሳቁም። ያን ጊዜ ፊታቸውን አየሁት። ቀልዱ ወደ ጆሯቸው ሲገባ ቀልድ ነበር፤ ከዓይናቸው ሲወጣ ክስ ሆነ። «ጠጠር» አሉ ቀስ ብለው። «ልክ ነው። ጠጠር ነው።»

ጀቱ ጠፍቶ ተከፈተ። ምንም አልነበረም።

«አውጥቶታል» አሉ ኃላፊው። አንቱታው እዚያው ቀረ። «የድሮው ፓምፕ ስለተነሣበት አዲሱን ሊያበላሽ ነው። ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው።»

በዚያ ዘመን አሻጥር የሚለው ቃል ምን እንደሚያስከትል ለወጣት አንባቢ ልንገር። ሰውየው በመኪና ተጭኖ ወደ ደሴ ይላካል። ከተላኩት ሲመለስ ያየሁት ሰው አልነበረም። መኪናው የሚሄደው ዓርብ ነው ተባለ። አባ ሰይድን ዘበኛው ክንዳቸውን ይዞ የቅባት በርሜል በሚቀመጥበት መጋዘን ቆለፈባቸው። ሲሄዱ ጫማቸው ከአንድ እግራቸው ወለቀ። ጎንበስ ብለው ሊያነሡት ሲሉ ዘበኛው ገፋ አደረጋቸው። ጫማውን አንሥቼ ሰጠኋቸው እንጂ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

ረቡዕ ስብሰባ ተጠራ። ሠራተኛውም ሾፌሩም ግቢው ውስጥ ቆመ። ጓድ ኃላፊ ያንን ወረቀት አነበቡት። «ፓምፑ በናፍጣና በጥቁር ነዳጅ ተሞክሮ በሁለቱም በሚገባ መሥራቱን አረጋግጠናል» ይላል። ከሥር ስሜ ተነበበ።

«ጓድ በለጡ፣ ፊርማው ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው» አልኩ።

«እንግዲህ ፓምፑ ደህና ከነበረ፣ ያበላሸው ሰው ነው!»

ሕዝቡ «ይውደም!» አለ። አፌ ተከፍቶ ነበር። ልጄ ትዝ አለችኝ፤ ዘገነነኝና ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙም አላስታውስም። ሰው ሁሉ አፉን ሲከፍት አየዋለሁ፤ ድምፁ ግን ከሩቅ፣ ከውኃ ሥር እንደሚመጣ ነበር።

*

ሐሙስ ማለዳ እንደ ልማዴ ታንከሩ ላይ ወጣሁ። ጉሙ ጉልበቴ ድረስ ነበር። መጀመሪያ የናፍጣውን ለካሁና ዘንጉን አውጥቼ አራገፍኩት። እንደ ዝናብ ተረጨ። ወደ ጥቁሩ ታንከር ተሻግሬ ለካሁና ያንንም አራገፍኩት። አንዲት ጠብታ አልተወረወረችም። ነዳጁ ዘንጉን እንዳቀፈ፣ እንደ ክር እየተመዘዘ፣ ሳይቸኩል ወደ ታች ተንጠለጠለ።

በየቀኑ ያየሁት ነገር ነው። አይቼው ግን አላውቅም ነበር። ቆሜ ያንን ክር ተመለከትኩ። ጉሙ ዙሪያዬን ይሄዳል፣ ክሩ ይረዝማል፣ አይበጠስም። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ዘንጉ እጄ ላይ ሲከብደኝ ነቃሁ።

ወርጄ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ዘበኛው ከበሩ ራቅ ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጦ ነበር፤ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

«አባ ሰይድ፣ እንዴት አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ። በለጡ ነሽ? ውጭ ጉም ነው? በስንጥቁ ነጭ ነገር ይታየኛል።»

«ጉም ነው።»

«ጥቁሩ ዛሬም አይወጣላቸውም እንግዲህ።» ተቆልፈው እንኳ የሚያስቡት ስለ ነዳጁ ነበር።

«አባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ጠጠር ጨምረዋል?»

«አንቺም?» አሉኝ።

«ሳልጠይቅ ማመንም መጠርጠርም አልወድም።»

«ደግ። ወላሂ አልጨመርኩም። ያ ድምፅ የረሃብ ድምፅ ነው፣ ልጄ። ፓምፑ ይስባል፣ ነዳጁ አይደርስለትም። ቧንቧው ረጅም፣ ቀጭን፣ ደግሞም ዳገት ነው። ወፍራም ነዳጅ እንደ እኔ ሽማግሌ ነው፤ ዳገት በሩጫ አይወጣም። ፓምፑ ባዶውን ሲስብ ውስጡ አረፋ ይፈጠራል። አረፋው ሲፈርስ ብረቱን ይመታል። ያ ነው ጠጠር የሚመስለው። ፍጥነት ሲጨመርበት ደግሞ ረሃቡ ይብስበታል። ቢደርስለትስ? ጀቱ የሚሠራው በማሽከርከርና በመወርወር ነው። ቀጭን ነገር ይወረወራል። ወፍራሙ ግን...»

«ይንጠለጠላል» አልኩ። «ዘንጉ ላይ አየሁት።»

«አየሽ! ግመሏ አትወረውርም። ሁለት ጥርሳም መንኮራኩር ናት። በጥርሶቿ መካከል እፍኝ እፍኝ ይዛ፣ አዙራ ታስረክባለች። እንዲያውም ነዳጁ ሲወፍር ይመቻታል፤ አያመልጣትም። ቅርብ ትቀመጥ፣ ቧንቧዋ ሰፊ ይሁን፣ አትቸኩል። ይኸው ነው ሁሉም።»

ግንባሬን በሩ ላይ አስደገፍኩ። «አባ፣ ፊርማው የእኔ ነው። ሳላነብ ነው የፈረምኩት።»

«ዐውቃለሁ። ትናንት ሲያነቡት እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር።»

«ልናገር ነው።»

«አትናገሪ። ልጅ አለሽ።»

«እርስዎስ ልጅ የለዎትም?»

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። እኔን ነበር የሚያጽናኑኝ። ተቆልፈው፣ በረሃብ፣ እኔን። ያን ጊዜ ፍርሃቴ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ቁጣ መጥቶ ቦታውን ያዘው።

*

ጓድ ኃላፊ ከሾፌሮቹ ጋር ሲጨቃጨቁ አገኘኋቸው። ፋብሪካዎቹ በስልክ እያስጨነቋቸው ነበር።

«ጓድ ኃላፊ፣ ፊርማዬን አነሣለሁ» አልኩ።

«ፊርማ አይነሣም።»

«እንግዲያው በቆመው ሰው ሁሉ ፊት ውሸቴን ልናገር። ያንን ወረቀት አላነበብኩትም። በአነባበቤ እንዳትስቁብኝ ብዬ ነው። ጀቱ በጥቁር ነዳጅ አልተሞከረም። እርስዎም ነበሩ፣ እኔም ነበርኩ።»

ኃላፊው ወደ እኔ ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጓድ በለጡ፣ ምን እያልሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ዐውቃለሁ። ለአባ ሰይድ ዋስ ነኝ።»

«ለአሻጥረኛ ዋስ የለም!»

«እኔ አለሁ።»

በእኛ አገር ዋስ ማለት ገላ ነው። ሰውየው ቢፈረድበት በእሱ ቦታ ትቆማለህ። ዋስ ተጠርቶ አልቀበልም ማለት ደግሞ በሰው ፊት ነውር ነው፤ ያን ጊዜ ካድሬ እንኳ ይከብደው ነበር። ከሾፌሮቹ መካከል አንድ ሰው «ዋስ ቀርቧል፣ ይቀበሉ እንጂ!» አለ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ስልኩ ወዳለበት ወደ ቢሯቸው ዞር ብለው ተመለከቱ። ይህን የምጽፈው ፍትሕ ስለሆነ ነው፤ እሳቸውም ከበላያቸው የሚፈሩት ነበራቸው። «እሺ» አሉ። «መኪናው ነገ ከሰዓት በኋላ ይሄዳል። ጥቁሩ እስከዚያ ካልወጣ ሁለታችሁም ትጫናላችሁ።»

«አስቀድሞ ግን ጠጠሩን እንፈልግ» አልኩ። «ጀቱ በሰው ሁሉ ፊት ይከፈት።»

ቀትር ላይ ተከፈተ። ጉሙ ሲበተን ፀሐይዋ ድንገት ወጣች፤ ሁሉም ነገር ነጭ ሆኖ ዓይን ያጭበረብራል። ሾፌሮቹ አንድ በአንድ እያለፉ እጃቸውን ከተው ዳበሱ። ግርማም ዳበሰ። «ንጹሕ ነው» አለ። በፊታቸው ተዘጋ። አባ ሰይድ ከዘበኛው ጋር ራቅ ብለው ቆመዋል፤ ማንም እንዲጠጉ አልፈቀደም፣ እኔም አልፈቀድኩም። መጀመሪያ የናፍጣው መስመር ተከፈተ። ጀቱ እንደ ንብ ዘመረ። ሕዝቡ ተያየ። ከዚያ ናፍጣው ተዘግቶ የጥቁሩ ተከፈተ።

ከረር፣ ከረር፣ ከረር።

ጠጠሩ መጣ። ማንም ሳይነካው።

«ነዳጁ ውስጥ ነዋ ያለው!» ብለው ጮኹ ኃላፊው። «ታንከሩ ውስጥ ጨምሮታል!»

ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩ። ነጭ ነበር፣ ለበዓል የተገዛ። የበርሜል አፍ ላይ ወጠርኩትና «በባልዲ ቅዱና አፍስሱበት» አልኩ። ከታንከሩ ሥር ካለው መክፈቻ ተቀዳ። ጥቁሩ ነዳጅ ነጠላው ላይ ተኛ። አልቸኮለም። መሃሉን ቀስ እያለ ወደ ታች አሰመጠው፤ ጥለቱ ጠቆረ፤ ከዚያ ከሥር ጠብ ማለት ጀመረ። ስንቱ ባልዲ እንደፈሰሰ አላስታውስም፤ የማስታውሰው ፀሐይዋን ጥቁሩ ላይ ማየቴን ነው፣ አንድ ሌላ ፀሐይ ከታች የምትወጣ ይመስል ነበር። ሲያልቅ ጨርቁን በሁለት እጄ ጨመቅኩትና ዘረጋሁት።

«ጠጠር ያገኘ ያሳየኝ!»

አልተገኘም። ግርማ ቆቡን አወለቀ። «ጠጠሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «በአፌ ነው ያመጣሁት።»

*

ከዚያ በኋላ አባ ሰይድ በእኔ ዋስትና ከመጋዘኑ ወጥተው ሠሩ። ግመሏን ከክምሩ ውስጥ ስምንት ሾፌሮች ተሸክመው አወጧት። ሐሙስ እስኪመሽ፣ ዓርብም ከማለዳ ጀምሮ ጥርሶቿ ታጠቡ፣ ጉድጓዷ ተጠረገ፣ አጭሩ ወፍራም ቧንቧ ተገጠመ። አባ ሰይድ የሚናገሩት በጣታቸው ነበር፤ ወደ አንድ ብሎን ያመለክታሉ፣ ሰው ይሮጣል። ብርዱ ነዳጁን ስላረጋው እሳት ሳይጠጋ እንዲሞቅ አዘዙ። ከአጥሩ ውጭ ርቆ ውኃ ተጣደ። የማዳበሪያ ከረጢት በሙቅ ውኃ እየተነከረ ቧንቧው ላይ ይጠቀለላል፣ ሲቀዘቅዝ ይለወጣል። እንፋሎቱ ወጥቶ ከጉሙ ጋር ይቀላቀል ነበር። ሰዎቹ በዚያ ውስጥ ሲመላለሱ ግማሽ ገላ ብቻ ነበራቸው። ወደ ደሴ የሚሄደው መኪና ከበሩ ላይ ቆሟል፤ የኋላ መዝጊያው ተከፍቶ ይጠብቃል።

ቀትር አለፈ። በግርማ ቦቴ ላይ ወጥቼ የጎማውን ጫፍ ያዝኩ። «አስነሡ!» ተባለ።

ግመሏ ጉርምርም አለች። ከረር የሚል ነገር የለም። ግን ሌላም ነገር የለም። ወደ ቦቴው አፍ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ጨለማ ብቻ ነው። ጠበቅሁ። ጓድ ኃላፊ ሰዓታቸውን ሲያዩ ከላይ ሆኜ አያቸዋለሁ። ልጄን ጎረቤት አደራ ብዬ ነበር የወጣሁት፤ ለስንት ቀን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም።

«በለጡ!» አሉ አባ ሰይድ ከጉድጓዱ። «መጣ?»

«አልመጣም፣ አባ!»

«ጎማውን ያዢው። አትመልከቺው፣ ያዢው።»

ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን ጎማው ላይ አደረግሁ። ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ ለብ አለ። ከዚያ ከበደ። ውስጡ የሚተነፍስ ነገር ያለ ያህል በእጄ ሥር ቀስ እያለ ተነፋ። ዓይኔን ስገልጥ ጥቁሩ ወጥቶ ነበር። ድምፅ የለውም። እንደ ሴት ሹሩባ ተጎንጉኖ ወደ ጨለማው ይወርዳል። መጮኽ ነበረብኝ፤ አልጮህኩም። ያየሁት እንዳይበተን ፈራሁ።

«መጣ» አልኩ በሹክሹክታ። ማንም አልሰማኝም። ግርማ ፊቴን አይቶ ነው «መጣ!» ብሎ የጮኸው።

ጓድ ኃላፊ ለመኪናው በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ባዶውን ሄደ። ወደ ቢሯቸው ሊገቡ ሲሉ ከቦቴው ላይ ሆኜ ጠራኋቸው።

«ጓድ ኃላፊ! የአባ ሰይድ ስምስ?»

«በደብዳቤ እንገልጻለን።»

«ስማቸው የጠፋው በደብዳቤ ነው? እዚህ ነው፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት። እዚሁ ይመለስ።»

ሾፌሮቹ ከበቧቸው። ኃላፊው መሬት መሬት እያዩ «አባ ሰይድ አሻጥር አልፈጸሙም» አሉ። አንቱታው ተመለሰ።

«አልሰማንም!» አለ ግርማ።

ጮክ ብለው ደገሙት።

አባ ሰይድ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ግመሏን ለሌላ ሠራተኛ አስረክበው፣ የጎኗን ብረት አንድ ጊዜ መታ መታ አደረጉና ወደ በሩ ሄዱ። ግርማ «አባ፣ ሲሞላ መርሳ አደርስዎታለሁ» ቢላቸው ራሳቸውን በእንቢታ ነቀነቁ። በእግራቸው ወጡ። ከተሰለፉት ቦቴዎች የፊተኛው ሞተሩን አጠፋ። ቀጥሎ ያለውም አጠፋ። አንድ በአንድ፣ እስከ ሰልፉ ጫፍ፣ ዝም አሉ። ሽማግሌው በዚያ ዝምታ ውስጥ በሰልፉ ጎን አለፉና በመንገዱ ላይ እየራቁ፣ እያነሱ ሄዱ።

*

እኔ ሳላነብ በመፈረሜ ከልኬት ወርጄ ግቢ እንድጠርግ ተደረግሁ። ተገቢ ነው ብዬ ተቀበልኩ፤ ጥፋቴ ነበር። ጀቱም ለናፍጣው ብቻ ሆኖ ለዓመታት በደንብ አገለገለ። እሱም ጥፋት አልነበረበትም፤ ያለ ቦታው የቆመ ነበር። ከዚያ ወዲህ የልጅ ልጆቼ የሚያመጡልኝን ወረቀት ሁሉ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ ፊደል በፊደል አነበዋለሁ። ይሰለቻሉ። ይሰልቹ።

አባ ሰይድ ወደ ዴፖው አልተመለሱም። ከወራት በኋላ መርሳ ሄጄ ጠየቅኋቸው። በብርቱካን አትክልት ውስጥ ውኃ እየመሩ አገኘኋቸው። ጥላ ሥር ተቀመጥን። ውኃው በቦዩ ውስጥ ያለ ድምፅ ይሄዳል፣ ንብ ይበርራል፤ ሁለታችንም እንቅልፍ ሊወስደን የተቃረበ ይመስል ነበር።

«ስሜን መለስሽልኝ፣ አላህ ይስጥሽ» አሉኝ። «እንቅልፌን ግን እስከ ዛሬ እፈልገዋለሁ። ቁልፍ ሲንኳኳ ብድግ እላለሁ። እነዚያ ሁለት ሌሊቶች አልወጡልኝም።»

ከዚያ ለመጠየቅ የመጣሁትን ጠየቅኋቸው። «አባ፣ ማክሰኞ ዕለት ብናገር ኖሮስ?»

ቁጣ አልነበረባቸውም። ውኃውን እያዩ ነው የመለሱልኝ። «ማክሰኞ ዕለት ብትናገሪማ፣ ማክሰኞ ቤቴ አድር ነበር።»

እናንተ የምታነቡኝ፣ ሰው አዳንሽ እያላችሁ ታመሰግኑኝ ይሆናል። መንደሩም ያመሰግነኛል፤ እሺ እላለሁ። ግን ልኩን ዕወቁት። ጀቱ በጥቁሩ እንዳልተሞከረ ማክሰኞም ዐውቅ ነበር። አባ ሰይድን ከሦስተኛው ሌሊት አድኛቸዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።